ወልደ የሚባል ሰው

የጀልባው ሞተር ጠፋ። ከባሕር ዳር ወደብ ግምጃ ቤት፣ ቁልፍ ሳይሰበር፣ በጠራራ ፀሐይ። ዘመኑ የደርግ ነው፤ የመንግሥት ንብረት የነካ እጅ ምን እንደሚጠብቀው ሕፃንም ያውቀዋል።

የወደቡ ኃላፊ ጓድ አካሉ በምርመራ አልተቸገሩም። ከአዲስ አበባ የመጣላቸውን ኮምፒዩተር አስጠየቁት። ሞተሩ በማን ስም ወጣ? ወልደ፣ አለ ማሽኑ። በቃ። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ወልደ ዮሐንስ ያን ዕለት ታሰረ። ሰኞ ችሎት ይቀርባል፤ ሚስቱ ዕድሜ ልክ እንዳይፈረድበት ስለት ተስላለች።

መርማሪው ሃምሳ አለቃ አለበል ነገሩ አልዋጥለት አለ። ወጪውን ማሽኑ ላይ የሚመዘግበው ወልደ ዮሐንስ ራሱ ነው። ስሙን አስመዝግቦ የሚሰርቅ ሌባ ከየት ተገኘ? እስረኛውን አስቀርቦ ጠየቀው።

«ሞተሩን ወስደሃል?»

«አልወሰድሁም።»

«ማን ወሰደው?»

«ማሽኑን ጠይቁት። እሱ አይደል የሚያውቀው?»

አለበል በሽቆ ወጣ። መጀመሪያ የጠረጠረው አካሉን ነበር፤ ሰውየው እስረኛውን ለማስፈረድ መቸኮላቸው አላማረውም። ግን ሞተሩ በወጣበት ሳምንት አካሉ ጎንደር ስብሰባ ላይ ነበሩ።

ስለዚህ ወደ ማሽኑ ሄደ። የማሽኑ ባለሙያ እናትዓለም የምትባል ወጣት ናት። ወልደ ዮሐንስ ብላ እንድትጽፍ ጠየቃት። ጻፈች። ማሽኑ ያስቀረው ወልደ የሚለውን ብቻ ነው። በወደቡ የሚሠራውን የጀልባ መካኒክ የወልደ ሥላሴን ስም አስጻፋት። አሁንም ወልደ።

«ፕሮግራሙ የፈረንጅ ነው» አለችው። «ፊደሉን አማርኛ አደረጉለት እንጂ ጠባዩን አልቀየሩትም። ባዶ ቦታ ሲያገኝ ስሙ አለቀ ብሎ የቀረውን ይጥለዋል። ለጓድ አካሉ ብነግራቸው ማሽን አይሳሳትም አሉኝ።»

ጉድ እኮ ነው! በጣና ዙሪያ ወልደ ያልተባለ ስንት ሰው አለ? አለበል ግን የገረመው ሌላ ነው። ወልደ ዮሐንስ የማንን ስም እንደመዘገበ ያውቃል፤ እያወቀ ለሌላ ሰው ይታሰራል። ተመልሶ ቢለምነውም አልተናገረም።

«የተጣለው ስም ይመለሳል?» አላት እናትዓለምን።

«ያልያዘውን ከየት ያመጣል?»

«እንግዲያው ይመለሳል ብለሽ አስወሪ።»

ምሳ ሳይደርስ ወደቡ በሙሉ ሰማ። ማሽኑ ተጠግኗል፤ ነገ ሙሉ ስም ያወጣል። ከምሳ በኋላ ወልደ ሥላሴ ራሴን አመመኝ ብሎ ፈቃድ ጠየቀና በሐይቁ ዳር ቁልቁል ሄደ። አለበል ከሩቅ ተከተለው። መካኒኩ ዳር ዳሩን የበቀለው ደንገል ውስጥ ገብቶ ሞተሩን እየጎተተ አወጣ፤ ውኃው ውስጥ ሊያሰጥመው ነበር። አለበልን ሲያይ አልሮጠም። እጁን ለካቴና ሰጠ።

«ታናሽ ወንድሜ ከግንባር ከድቶ መጣ» አለ። «ቢያዝ ይረሽኑታል። በጀልባ ወደ ማዶ ላሻግረው ነው የወሰድሁት። ልመልስ ስመጣ ወልደ ዮሐንስ ታስሮ ደረስሁ። እኔ ብናገር ወንድሜን ፍለጋ ሊወጡ ነው። ሱዳን ይግባና እናገራለሁ ስል፣ ዛሬ ነገ ስል . . . እኔና እሱ በአንድ ጽዋ የምንጠጣ ማኅበርተኞች ነን እኮ፣ ሃምሳ አለቃ።»

ሣሩ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። አለበልም አዘነለት፤ ማዘኑ ግን ካቴናውን አላስፈታውም። ንጹሕ ሰው ታስሯልና።

በማግስቱ ወልደ ዮሐንስን ሊፈታው ሄደ። ሞተሩ መገኘቱን፣ ወልደ ሥላሴ ማመኑን ነገረው። እስረኛው ደስ ሲለው አልታየም። በሩ ላይ ሲደርሱ ቆመና ወደ ጆሮው ጠጋ አለ።

«ተሻገረ?»

አለበል አሁን ገባው። ለካ ይህ ሰው የታሰረው ለመካኒኩ ወንድም ሲል እንደሆነ ያውቅ ኖሯል። ይህን አንድ ቃል መመዝገብ ማለት መልሶ ማሰር ማለት ነው። ግራ ቀኙን አየ፤ ዘበኛው ወደ ሐይቁ ዞሯል።

«ተሻግሯል» አለው፤ በሩንም ከፈተለት።