የሰባት ቁጥር ደወል

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን ውሸቴን ሁሉ የጨረስኩት እዚያ ቤት ነው፤ ለእናንተ የሚተርፍ የለኝም።

የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ።

በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ አስታማሚ ነበርኩ። ፎቁ ላይ ሃያ ሦስት አረጋውያን ነበሩ። እኛ ደግሞ ሁለት ብቻ... እኔና አለቃዬ ሲስተር።

ሥራው ግልጽ ነው። መድኃኒት በሰዓቱ መስጠት። መነሣት የማይችሉትን በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ። ውሃ ማጠጣት። ከዚያ በየአልጋው ግርጌ በተንጠለጠለው ወረቀት ላይ መፈረም።

እኛ የመጨረሻውን ብቻ ነበር የምንሠራው።

"ፈርሚና እለፊ" ትለኛለች ሲስተር፣ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሣ። "ዛሬ ባይውጡ አይሞቱም።"

እኔም እፈርማለሁ። ተሰጥቷል... ተገላብጠዋል... ጠጥተዋል።

ሰባት ቁጥር ክፍል ውስጥ እማማ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ አዋላጅ። ወገባቸው ከዳቸው እንጂ አእምሯቸው ምላጭ ነበር። እማማ የረሱት ነገር ቢኖር መርሳትን ብቻ ነው።

የልብ መድኃኒታቸውን የሚወስዱት ስምንት ሰዓት ላይ ነበር። ስምንት ሲሞላ ደወላቸውን ይጫናሉ።

"ልጄ... መድኃኒቴስ?"

ሲስተር ከበሩ ሳታልፍ ትመልሳለች። "ወስደዋል እኮ እማማ። ረስተውት ነው።"

"ኧረ አልወሰድኩም!"

"ወስደዋል። ይኸው ተፈርሟል።"

እማማ ያኔ ዓይናቸውን ወደ እኔ ይመልሳሉ። እኔ ደግሞ ወደ መሬት።

በሦስተኛው ሳምንት ራሳቸውን መጠራጠር ጀመሩ።

"ልጄ፣ አበድኩ መሰለኝ..." አሉኝ አንድ ቀን። ከንፈራቸው በውሃ ጥም ተሰነጣጥቋል። ጀርባቸው ላይ የወጣው ቁስል ይሸታል።

እውነቱን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ።

መልሼ ዘጋሁት።

ማክሰኞ ዕለት ሞቱ። ከመሞታቸው በፊት እጄን ያዙኝ። ያን ሁሉ ሕፃን የተቀበለ እጅ ጉልበቱ አልከዳውም ነበር።

"አላበድኩም" አሉኝ በሹክሹክታ። "አሁን ገባኝ። አልለቃችሁም።"

በሳምንቱ ማክሰኞ። ስምንት ሰዓት።

ደወል ጮኸ...

ሰባት ቁጥር።

ክፍሉ ከቀብሩ ወዲህ ባዶ ነው። ማንም አልገባበትም።

"ሽቦው ተበላሽቶ ነው" አለች ሲስተር። "ሂጂ ንቀዪው።"

ሄጄ ነቀልኩት። ቀና ስል እጄ አንሶላው ላይ አረፈ።

ይሞቃል...

ክፍሉን ለቅቄ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ሳለሁ እንደገና ጮኸ። የነቀልኩት ሽቦ በእጄ ነው።

"ሽቦ መንቀል እንኳ ያቅትሻል?" ሲስተር እየተነጫነጨች አልፋኝ ገባች። በሩ ከኋላዋ ተዘጋ። ቀስ ብሎ... የተኛ ሰው እንዳይነቃ እንደሚዘጋ።

ገፋሁት። እምቢ አለ።

"ሲስተር?"

በሩን በመዳፌ ደበደብኩት።

ዘበኛውን ልጠራ ሮጥኩ። ስንመለስ አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። በሩ ገርበብ ብሎ ጠበቀን።

ሲስተር አልጋው ላይ ተንጋላለች። ብርድ ልብሱ እስከ አገጯ ተስቧል። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ከዓይኖቿና ከአፏ በቀር የሚንቀሳቀስ አካል የላትም።

"ውሃ..." አለች።

ብርጭቆ ይዤ ተጠጋሁ። ያኔ ከጆሮዬ ሥር...

"ጠጥታለች ልጄ። ረስታው ነው።"

ብርጭቆው ከእጄ አመለጠ። ዘበኛው ግን ምንም አልሰማም።

ሐኪሙ መጥቶ ሲያገላብጣት ጀርባዋን አየና ጮኸብን። "ይህ ቁስል ቢያንስ የሦስት ሳምንት ነው! ማን ነው እንዲህ የጣላት?"

ጠዋት አብራኝ ደረጃውን እየሳቀች ነው የወጣችው።

አልጋው ግርጌ አዲስ ወረቀት ተንጠልጥሎ አገኘሁ። በሲስተር ስም። ሃያ አንድ ቀን ሙሉ ተሞልቷል። ተሰጥቷል... ተገላብጣለች... ጠጥታለች።

ፊርማው የእኔ ነው።

ሲስተር አልሞተችም። ቤቷ ተኝታለች። እህቷ ቀን በቀን በማንኪያ ታጠጣታለች። ከንፈሯ ግን አይርስም አሉ።

እኔ በማግስቱ ኃላፊው ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ተናዘዝኩ። የፈረምኩትን ውሸት ገጽ በገጽ አሳየሁት። እዚያው አባረረኝ። አልከፋኝም። እንዲያውም ደረቴ ቅልል አለኝ። ተገላገልኩ፣ አልኩ።

ከግቢው ፊት ለፊት ከቆመው አውቶቡስ ገብቼ በመስኮቱ በኩል ተቀመጥኩ። አውቶቡሱ ሊንቀሳቀስ ሲል ወደ ፎቁ ቀና አልኩ።

መስኮቶቹ ላይ ሰዎች ቆመዋል።

አረጋውያኑ ናቸው... ሃያ ሁለቱም። ለዓመታት ከአልጋ ተነሥተው የማያውቁት ጭምር፣ ቀጥ ብለው ቆመዋል።

ፈገግ ብለው እጃቸውን እያውለበለቡ ይሰናበታሉ።

የሚያዩት ግን እኔን አልነበረም።

ከአጠገቤ ያለውን ባዶ ወንበር ነበር።