ጥርግ አድርጎ በላ

ሕፃኑ መጀመሪያ ዓይኑን አፈጠጠ፤ ከዚያ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ምላሱን አውጥቶ «እ…እ…ክ!» ሲል እህቱ ቀጭኔ ማንኪያውን ወርውራ ከወንበሩ መንጭቃ አነሣችው። የተቀቀለው ድንች ከአፉ ወጥቶ ደረቷ ላይ ተለጠፈ። ሕፃኑ ወዲያው ሳቀ። እሷ ግን ወለሉ ላይ ዝርፍጥ አለች።

ቀጭኔ የሚሏት ቁመቷ ከእኩዮቿ ሁሉ መለል ያለ ስለሆነ ነው። ትምህርት ተዘግቷል፤ እናቷ ዳቦ ቤት ሥራ ስትውል ወንድሟን የምትጠብቀው እሷ ነች። ሕፃኑ ምግብ የጀመረው በቅርቡ ነው። እናቷ ጠዋት ድንችና ካሮት ቀቅላ፣ በሹካ ደፍጥጣ፣ «ትንሽ ጓጓላ ቢኖረው አትጨነቂ፤ ማኘክ ይልመድ» ብላ ትወጣለች።

እባብ ያየ በልጥ በረየ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቀጭኔ ሳህኑን ባየች ቁጥር የወንድሟ የቀላ ፊት ይታያት ጀመር። ቢታነቅስ? ቤት ውስጥ ማን አለ? በመጨረሻ ዘዴ አገኘች፤ ለሱ በጡጦ ጥቂት ወተት ትሰጠዋለች፣ ድንቹን ራሷ ትበላዋለች። እናቷ ማታ ጫማዋን ሳታወልቅ «በላልኝ?» ትላለች።

«ጥርግ አድርጎ በላ!»

«እሰይ የኔ አንበሳ!» ትልና ታቅፈዋለች። ሕፃኑ ጡቷን ሲያገኝ እንደ ተራበ ግልገል ይጣበቅባታል።

ለክትባት ጤና ጣቢያ የሄዱ ዕለት ነርሷ ሕፃኑን ሚዛን ላይ አስቀመጠች፤ አነሣችው፤ እንደገና አስቀመጠችው።

«ካለፈው ቀንሷል። ምግብ አልጀመረም እንዴ?»

«ኧረ ጀምሯል! ጥርግ አድርጎ ነው የሚበላው፤ እህቱ ነች የምታበላው» አለች እናት። ከዚያ ድምጿ ሰለለ። «በሽታ ይኖረው ይሆን? ወይስ ወተቴ አንሶት ነው?»

«እየበላ ከቀነሰማ ደም ወስደን እናያለን።»

እናት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ትከሻዋ ሲርገበገብ ቀጭኔ አየች። እናቷ ስታለቅስ አይታ አታውቅም። ዝም ብትል ትንሹን ክንድ ሊወጉት ነው፤ ብትናገርስ እናቷ ከእንግዲህ በምን ዓይን ታያታለች? ነርሷ መርፌውን ከላስቲኩ አወጣች።

«አይበላም» አለች ቀጭኔ።

«ምን አልሽ?»

«ድንቹን እኔ ነኝ የምበላው። አንዴ ትን ሲለው… የሞተብኝ መስሎኝ… ፈርቼ ነው፣ እማ።»

«አንቺ ልጅ! እኔ እዚህ ልጄ ታሞብኛል ብዬ ነፍሴ ልትወጣ ነው!» እናት እጇን አነሣች። ግን አልሰነዘረችውም፤ አፏን ሸፈነችበት።

ነርሷ መርፌውን አስቀምጣ ሕፃኑን ክንዷ ላይ በሆዱ አስተኛችው። «ነይ ወደዚህ። ካሳለው፣ ድምፅ ካወጣ፣ ራሱ እያወጣው ነው፤ እያየሽ ጠብቂው። ድምፁ ከጠፋ ግን ጭንቅላቱን እንዲህ ዝቅ አድርገሽ በትከሻዎቹ መሃል በመዳፍሽ ጠንከር አድርገሽ ትመቺዋለሽ፤ እየጮኽሽም ሰው ትጠሪያለሽ። በይ አሁን አንቺ ያዢው።»

ቀጭኔ ያዘችው። የልቡ ምት ክንዷ ላይ ይሰማታል።

ቤት እንደ ደረሱ እናቷ ለስለስ ያለ ሙዝ ሰጠቻት። «አብዪው። አጠገብሽ ነኝ።»

ሕፃኑ ሙዙን ጨብጦ አፉ ውስጥ ሞጀረው። «እ…ክ!» ቀጭኔ ብድግ አለች። ግን ነርሷ እንዳለቻት እያየችው ጠበቀች። ሕፃኑን አሳለው፣ ሙዙ አገጩ ላይ ወጣ፣ መልሶ ጠቅጥቆ ዋጠው።

እናቷ በረጅሙ ተነፈሰች። «ከነገ ጀምሮ ጎረቤት ላስቀምጠው? ፍርሃቱ ካልለቀቀሽ አልፈርድብሽም።»

ቀጭኔ የወንድሟን አገጭ በእጇ ጠረገች።

«አይ፣ አንቺ ሥራሽን ሂጂ» አለች። «ጎረቤታችንን ብቻ፣ እሱ ሲበላ በሩን ክፍት እንደማደርግ ንገሪልኝ። ከጠራኋት ሮጣ ትምጣ።»

ከዚያ ወንድሟ ፊት ዝቅ ብላ ሌላ ሙዝ ቆረሰችለት።