ሁለቱም ጎን ለጎን

«አሁንም እምቢ አለ» አለ የልጅቷ ጓደኛ፣ ከኮምፒውተሩ ፊት ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ እየተነሳ። ከሰዓት በኋላ ወላጆች ፊት የሚያቀርበው የኮምፒውተር ፕሮግራም ትናንት መጽሐፍ ጮክ ብሎ ያነብ ነበር፤ ዛሬ ገና ከመከፈቱ መልሶ ይዘጋል። ጥፋቱ የራሱ ኮድ መስሎት ሲሰርዝና ሲጽፍ አርፍዷል። ጭራሽ የማንበቢያውን ክፍል እንዳለ ቆርጦ ሌላ ፋይል ውስጥ ወረወረውና ቲቸርን ሊጠራ ወጣ።

ጥፋተኛዋ ግን ልጅቷ ናት። የኮምፒውተር ክበቡ ያለው ማሽን አንድ ነው፤ እሷ የሠራችው ጌም ደግሞ ፓይተን የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ አዲሱ ስሪት ካልተጫነ አይነሳም። ስለዚህ ትናንት አዲሱን ጫነች። ቤቷ አልጋዋን የማታነጥፍ ልጅ፣ ቦታ ላስለቅቅ ብላ አሮጌውን ጠራርጋ አጠፋችው። የሱ ፕሮግራም የሚሠራው በአሮጌው ብቻ መሆኑ አሁን ገና ገባት። አሮጌውን ብትመልስ ግን ስንት የለፋችበት ጌም አፈር ድሜ ሊበላ ነው።

ፈጠን ብላ ተቀመጠችና ሶፍትዌር የሚጭንና የሚያነሳ፣ ፓኬጅ ማኔጀር የሚባለውን ፕሮግራም መመሪያ ከፈተች። ዓይኗ አንድ መስመር ላይ ቀረ። ለካ አንዱን ለማስገባት ሌላውን ማስወጣት አያስፈልግም! ሁለቱም ስሪቶች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ የትኛው ይሥራ የሚለውን አንድ አጭር ትእዛዝ ይወስናል። አሮጌውን መልሳ ጫነች። ወደ አዲሱ ቀየረች፣ ጌሟ ከነሙዚቃው ተነሳ። ወደ አሮጌው ቀየረች፣ የጓደኛዋ ፕሮግራምም እሺ አለ። ከደስታዋ ብዛት መቀመጥ አቅቷት ብቻዋን እየሳቀች ተነሳች።

ጓደኛዋ ተመልሶ ቲቸር ስብሰባ ላይ እንደሆኑ ነገራት። እስቲ ለመጨረሻ ጊዜ ብሎ ፕሮግራሙን ነካው። ተከፈተ።

«አየሽው? ፏ ብሎ ተከፈተ» አላት። «ጣጣው ሁሉ የማንበቢያው ክፍል ነበር። እንኳን ቆረጥኩት።»

ፊቱ በርቷል። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። እሱ ግን መጽሐፍ የማያነብ አንባቢ ይዞ ወላጆች ፊት ሊቆም ነው።

ሌላ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። ደስታዋ አልበረደም፣ ፍርሃት ግን ተቀላቅሎበታል።

«የቆረጥከውን መልሰው» አለችው። «ኮድህ ምንም አልሆነም። ትናንት አሮጌውን ፓይተን አጥፍቼ ያበላሸሁብህ እኔ ነኝ፤ አሁን መልሼዋለሁ።»

ፈገግታው ከፊቱ ጠፋ። እሷም ቀና ብላ እያየችው የሚላትን ጠበቀች።