የማዶ ሰዓት

ይህን የምጽፈው ላስፈራችሁ ብዬ አይደለም። ተናድጄ ነው።

ውሸት ነው የሚል ካለ መተማ ዮሐንስ ይምጣና ጎረቤቴን ሷሊህን ይጠይቅ። ባለሱቅ ነው። እሱም በዓይኑ አይቷል።

የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ደግሞም በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ፊደል ብስት እለፉት።

ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ ለሚወርዱት ሳሉጎች ምግብ እየሠራሁ አንድ ልጄን ዩኒቨርሲቲ አስገባሁ። መስከረም ትባላለች። መንገዱ ሲዘጋ ተማሪዎቹን ወደየቤታችሁ ሂዱ፣ ትምህርቱ በስልክ ይደርሳችኋል አሏቸው።

በስልክ...

እኛ አገር የስልክ መስመር እንደ ዝናብ ነው፤ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይቀራል። ሲጠፋ የማዶ ሲም እንከታለን፤ ከድንበሩ ማዶ ከገላባት ይስብልናል። ግን የስልኩም ሰዓት አብሮ ሱዳን ይሻገራል። አንድ ሰዓት ወደኋላ ይቀራል። አገሬው ለምዶታል። መኪና ያመለጠውን ሰው "በማዶ ሰዓት ነው እንዴ የወጣኸው?" ብለን እንስቅበታለን።

መስከረም ደጋ ከርማ ይህን ረስታዋለች።

የመጀመሪያው ትምህርት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው ተባለ። ስልኩ ዘጠኝ ሲል ገባች። ለካ አሥር ሆኗል። ይቅርታ መምህር፣ አረፈድኩ አለች።

ተማሪው ሳቀ። የምን ማርፈድ ነው፣ ስም ሲጠራ አቤት ብለሻል፣ ይኸው ስምሽ ከመጀመሪያው ጀምሮ እዚሁ ነው አሏት።

በኋላ ጓደኛዋ ሩፊዳ ደወለች። ድምፅሽ ለምን ሻከረ ብላ ጠየቀቻት። ቤታችሁስ ምን ነበር? ብዙ ሰው ይሰማ ነበር... የሚያለቅስም ነበር።

በዚያ ሰዓት ቤት ውስጥ እኔና መስከረም ብቻ ነበርን። ሽንኩርት እየላጠችልኝ ነበር።

መምህሩ አሸናፊ ይባላል። እሱ ሌላ ሰው ይማርላታል አለ። በፈተናው ቀን ካሜራ ይከፈታል፤ አቋርጦ የወጣ፣ ወይም በአንድ ስም ሁለት ሆኖ የተገኘ ይሰረዛል። አለቀ።

ደሜ ፈላ። ልጄ አጭበርባሪ ተባለች። ስልኩን ነጥቄ ልነግረው ስል መስከረም አፌን በእጇ ከደነችው።

"እማዬ፣ ተይ... ይሰማል።"

"ይስማ።"

ሷሊህ በማግስቱ ሰምቶ "መንበረ ከተቆጣች ኬላው ይዘጋል" እያለ አሾፈብኝ። ያሹፍ።

የፈተናው ቀን የግድግዳውን ሰዓት አይተን በሰዓቱ ገባች። እኔም በርጩማ ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። በስሟ የሚገባውን ጉድ በዓይኔ ላየው ነው።

ማንም አልመጣም።

ሙቀቱ ግን ሙቀት እንዳይመስላችሁ። ቆርቆሮው ከላይ ይንጣጣል። ፈተናው ሳይጋመስ ስልኩ እንደ ፍም ጋለና ድርግም አለ። እርጥብ ጨርቅ አደረገችበት፣ አራገበችለት... አልነሳም አለ።

"ተሰረዝኩ" አለች። አላለቀሰችም። ይህን ብቻ አለች።

በሩን ቆልፌ፣ እጇን ይዤ ሷሊህ ሱቅ ሮጥኩ። ስኳር ይመዝናል። ፊቴን ሲያይ ስልኩን አቀበለኝ።

መስከረም በሱ ስልክ ገባች። የተማሪዎቹ ፊት በትንንሽ መስኮት ተደርድሯል።

ከመስኮቶቹ አንዱ... የኛ ቤት ነው።

"እማዬ" አለች በሹክሹክታ። "በሩን ቆልፈሽው የለም?"

ቁልፉ እጄ ውስጥ ነው።

ሰማያዊው ግድግዳችን። የሷ ወንበር። ወንበሩ ላይ ጥቁር የለበሰች ሴት አቀርቅራ ተቀምጣለች። ራሷን ተላጭታለች። ቀኝ እጇ በቢጫ ጨርቅ ታስሯል።

ከስሯ "መስከረም" ይላል።

መምህሩም አያት። ሁለታችሁም ፊታችሁን አሳዩ፣ አለዚያ ስሙን እሰርዘዋለሁ አለ።

ነደደኝ። ስልኩን ነጠቅኋት።

"አንቺ ማነሽ? ከልጄ ወንበር ተነሽ።"

ሴትዮዋ ቀስ ብላ... ቀና አለች።

እኔ ነኝ።

ፊቷ ተቧጥጧል። ዓይኗ ከልቅሶ ብዛት አብጧል። እኔን ግን አላየችኝም፤ የምታየው መምህሩን ነው።

"አትሰርዛት" አለችው፣ በኔው ድምፅ፣ በሻከረ። "ልጄ አለች። ስሟን ጥራው... እኔ አቤት እላለሁ።"

ሷሊህ ቢስሚላህ አለ። ስኳሩ ከሚዛኑ ላይ ፈሰሰ።

ከዚያ መስኮቱ ጠፋ። ቤት ስንመለስ በሩ እንደተቆለፈ ነው። ወንበሩም ባዶ ነው።

መምህሩ አልሰረዛትም። የቀረውን በሷሊህ ስልክ ሠርታ አለፈች። ግን ከዚያ ወዲህ ስም ሲጠራ እሷ ጋ ሲደርስ ዘሏት ቀጣዩን ይጠራል። አለሁ እኮ መምህር ትለዋለች። አይመልስላትም።

የሚያናድደኝ ይሄ ነው። አለች እኮ። አጠገቤ ናት። ትበላለች፣ ትስቃለች፣ አማርኛዬን እየደገመች ታሾፍብኛለች። በቁሟ ያለች ልጅ እንዴት ትዘለላለች?

የማዶውን ሲም ሰብሬ እሳት ውስጥ ጨመርኩት። የነበረኝን ጥቁር ልብስ አቃጠልኩት። ፀጉሬን መቀስ አያየውም።

ዛሬ ጠዋት ለሳሉጎቹ ወጥ ልሠራ ስል የጋለ ዘይት ቀኝ እጄ ላይ ፈሰሰ። መስከረም ሮጣ መጣች። ሻሿን ከጫፉ ቀድዳ አሰረችልኝ።

ቢጫ ሻሽ ነው።

ፈትቼ እሳት ውስጥ ወረወርኩት። ይመርቅዝ። ከፈለገ ይቆረጥ። አላስርም።

አሁን ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው። ትምህርቷ ሊጀምር ነው። ይህን ጽፌ ቀና ስል መስከረም በሩ ላይ ቆማለች...

ሻሿን እንደገና ቀድዳዋለች። ቢጫውን ጨርቅ በሁለት እጇ ወጥራ ይዛዋለች።

"እማዬ" አለች ቀስ ብላ። "እጅሽን።"