ስቶር ውስጥ የተቆለፈው ቢጫ

ተረት ነው የሚል ካለ እዚሁ ላይ ይተወው። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። በዓይኔ ነው ያየሁት።

ማክሰኞ ነው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል። ፀሐይ አናት ላይ ናት። ታካሚው ለምሳ ወጥቶ ግቢው ጭር ብሏል።

ቦታው ከበዴሳ አለፍ ብሎ ያለ ጤና ጣቢያ ነው። ስሙን አልነግራችሁም። እኔ እዚያ ነርስ ነኝ፤ ናዝራዊት እባላለሁ።

መጀመሪያ ግን ስለ ቢጫው ሣጥን ልንገራችሁ። ያለዚያ ምን እንዳናደደኝ አይገባችሁም።

ሴፍቲ ቦክስ ይባላል። ከወፍራም ካርቶን የሚሠራ ቢጫ ሣጥን ነው። የወጋንበትን መርፌ ክዳኑን ሳንመልስ በቀጥታ እዚያ ውስጥ እንጥላለን። አፉ ድረስ ሳይሞላ ይዘጋና ይቃጠላል። ማንም አይጫነውም። ማንም እጁን አይሰድበትም።

እኛ ጋ ሴፍቲ ቦክስ አለ። ሞልቷል... ስቶር ውስጥ። ተጣጥፎ፣ ተቆልፎበት።

ቁልፉ ኃላፊያችን አቶ ኢሳይያስ ቀበቶ ላይ ነው።

«ለሱፐርቪዥን ቀን ነው የምናወጣው» ይላል። «አሁን ካወጣነው ይቆሽሻል።»

እንዲቆሽሽ የተሠራ ሣጥን፣ እንዳይቆሽሽ ተብሎ ተቆለፈበት!

እኛ መርፌውን የምንጥለው የጓንት መያዣ በነበረ ስስ ካርቶን ውስጥ ነው። ሲሞላ ደግሞ ትእዛዙ ያው ነው። «ጫን ጫን አድርጉት፣ ገና ይይዛል።»

አስካለች ጫን ጫን አደረገችው።

የጽዳት ሠራተኛችን ነበረች። መርፌው ካርቶኑንም፣ ስሱን ጓንቷንም በስቶ መዳፏ መሐል ገባ።

እኛ ነርሶቹ የጉበት በሽታ መከላከያ ስንከተብ እሷን ዘለዋት ነበር። «ክትባቱ ለባለሙያ ነው» ተብሎ። የተወጋች ቀን ወደ ሶዶ ትላክ ብዬ አቶ ኢሳይያስን ለመንኩት።

«ለአንዲት ጠብታ ደም ይሄ ሁሉ? በሳሙና ትታጠበው» አለኝ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ዓይኗ ቢጫ ሆነ።

ስንለምነው የነበረው የሣጥኑ ቢጫ።

በዚያው ሞተች። ለቅሶው ላይ አቶ ኢሳይያስ ከፊት ተቀምጦ ስለ ታታሪነቷ ተናገረ። ጥርሴን ነክሼ ሰማሁት።

እንግዲህ ያን ማክሰኞ...

በአስካለች ቦታ የተቀጠረችው ሃይሚ መወልወያዋን ይዛ መርፌ ክፍል ገባች። ሥራ ከጀመረች ሳምንት አልሞላትም። ጣቷ ላይ እጮኛዋ ያሰረላት አዲስ ቀለበት አለ።

ካርቶኑን አየችና ሳቀች።

«ሲስተር፣ ካርቶኑ ጾም ያዘ እንዴ? ጠዋት አፉ ድረስ ጠግቦ ነበር።»

አየሁት። ግማሽ ሆኗል።

«አንቺ ነሽ ያወጣሽው?»

«እኔ? በኢየሱስ ስም! አልነካሁትም።»

ያኔ ሰማነው።

ጠቅ...

መርፌ ካርቶን ውስጥ ሲወድቅ የሚያሰማው ድምፅ ነው። ሥራዬ ስለሆነ አይጠፋኝም። የመጣው ግን ከግድግዳው ማዶ ነው።

ከስቶር።

ጠቅ...

«አይጥ ነው» አልኩ በሹክሹክታ።

«አይጥ ተራ ጠብቃ ትጥላለች?» አለች ሃይሚ። አሁን አትስቅም።

ወደ ካርቶኑ ዞርኩ። ከቅድሙም ጎድሏል።

ኮሪደሩ ላይ ወጣን። የስቶሩ በር ጓጉንቸር እንደተቆለፈ ተንጠልጥሏል። ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ።

በረኪና ሸተተኝ። የአስካለች እጅ ሁልጊዜ በረኪና ይሸት ነበር...

ድምፁ ቆመ። ከበሩ ማዶ አንድ ሰው ትንፋሹን የዋጠ መሰለኝ።

ወዲያው ግቢው ውስጥ ሞተር ገባ። አቶ ኢሳይያስ ከሞተሩ ሳይወርድ መጮህ ጀመረ።

«ሱፐርቫይዘሮቹ ከሶዶ ከተነሡ ቆይተዋል! ሣጥኖቹን እናውጣ! ቶሎ በሉ!»

ቁልፉን ከቀበቶው ፈታ። በሩን ከፈተ።

ሣጥኖቹ ተጣጥፈው አልነበሩም።

ተገጣጥመው መደርደሪያው ላይ ቆመዋል። ተዘግተዋል። አንዱን ሲያነሣው ውስጡ ተንሿሿ... መርፌ።

የመጨረሻው ሣጥን ብቻ ክፍት ነው። መርፌው ከአፉ ተርፎ ወደ ላይ ቆሟል።

«ማነው እዚህ የገባው?»

«ቁልፉ እርስዎ ጋ ነው» አልኩ።

«አትመልሺልኝ! ሃይሚ፣ ነይ! ይሄን ጫን ጫን አድርገሽ ዝጊው። መኪናው ደርሷል።»

ሃይሚ እጇን ዘረጋች። በስሱ ጓንት ውስጥ ቀለበቷ ጎልቶ ይታያል።

እኔ በስብሰባ ላይ እንኳ ድምፄ የማይሰማ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን ኮሪደሩ አስተጋባ።

«እንዳትነኪው!»

የእጇን አንጓ ይዤ ወደ ኋላ ሳብኳት።

«እርስዎ ይጫኑት፣ አቶ ኢሳይያስ! ገና ይይዛል አይደል የሚሉት? ይጫኑታ!»

ሳቀ።

«መርፌ የምትፈራ ነርስ! ውኃ የሚፈራ ዓሣ ነው የቀረን!»

እጅጌውን ሰብስቦ መዳፉን የሣጥኑ አፍ ላይ አሳረፈ። ጫነ።

ሣጥኑ ዝቅ አላለም።

መዳፉ ነው ወደ ላይ የተነሣው... ቀስ ብሎ... ከውስጥ ሌላ መዳፍ የሚገፋው ይመስል።

እጁን መንጭቆ አገላብጦ አየው። ደም የለም። ጭረት እንኳ የለም።

«አያችሁ?» አለ። ድምፁ ግን ቀጥኗል። «ምን ሆንኩ?»

የግቢው በር ላይ የመኪና ክላክስ ተሰማ። ሸሚዙን አስተካክሎ ወደ ፀሐዩ ወጣ። ከደጃፉ ላይ ወደ እኛ ዞረ።

«ፈገግ በሉ እንጂ! እንግዳ መጣ!»

ሃይሚ ክንዴን ጨመቀችው።

«ሲስተር...» አለች። «ዓይኑን...»

የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሆኗል።

የሣጥኑ ቢጫ።

ከኋላችን፣ ማንም በሌለበት ስቶር ውስጥ...

ጠቅ።