መልኩን የለወጠው ስልክ

በ2007 ዓ.ም. ጥር ወር ነበር ፀዳለ መጀመሪያ ወደ ኢዮሲያስ ሱቅ የመጣችው። እሱ በቦንጋ መናኸሪያ አጠገብ ስልክ ሲጠግን ስድስተኛ ዓመቱን ይዟል፤ እሷ ደግሞ ከደሴ ተመድባ የመጣች የኮምፒውተር መምህርት ናት። ስልኳ አዲሱን ሶፍትዌር ሲጭን መሃል ላይ ቀጥ ብሎባት ነበር።

በግማሽ ሰዓት ውስጥ አስነስቶ ሰጣት። ስክሪኑ ሲበራ የእሷም ፊት አብሮ በራ። ቀለሙ ተለውጧል፣ ምልክቶቹ ክብ ክብ ሆነዋል፣ ገጹ ሲነኩት እንደ ውኃ ይንሸራተታል። ያየችውን እንዲያይላት ስልኩን ወደ እሱ አዞረችው።

ኢዮሲያስ ግን ብዙም አልተደነቀም። ባትሪው ያው ቀትር ላይ ያልቃል፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ያው ይጨነቃል፣ አማርኛ መጻፊያው ያው የለም አላት።

«ጣሪያው የሚያፈስ ቤት ቀለም ቢቀቡት ምን ይሆናል፣ ቲቸር?»

«ሰው ቀኑን ሙሉ የሚያየው ነገር ቢያምርለትስ ምን ይጎዳዋል?» አለችው ፈገግ ብላ።

ክርክሩ በዚህ ተጀመረ። በሳምንቱ የቻርጀር ገመድ ልትገዛ መጣች፤ በሌላው ሳምንት ሚሞሪ ካርድ። ገመዱም ካርዱም ቤቷ እንዳላት ኢዮሲያስ ጠርጥሯል፤ ግን አልጠየቃትም። እሱ የሥራውን ነገር፣ እሷ የመልኩን ነገር እያነሱ እየጣሉ ዝናቡ እስኪያባራ ይቆያሉ። ጎረቤቱ ልብስ ሰፊው ጋሽ ለገሰ አንድ ቀን የስፌት መኪናውን አቁሞ፣ እናንተ የምታወሩት ስለ ስልክ አይመስለኝም ቢላቸው ሁለቱም አንገታቸውን ደፉ። «እርስዎ» መቼ «አንቺ» እንደሆነ አንዳቸውም አላስተዋሉም።

ግንቦት ላይ ፀዳለ በእርሳስ የተሳለ ወረቀት ይዛ መጣች። ማንበብ ለማይችል ሰው የስልክ ገጽ እንዴት መሆን እንዳለበት ስትስል ነበር ያመሸችው። የገበያ ቀን ስለነበረ ሱቁ በሰው ተሞልቷል፤ ኢዮሲያስም ሦስት ስልክ ከፍቶ ላብ በላብ ሆኗል።

«አንቺ መቼም የሚታይሽ መልኩ ብቻ ነው» አላት ቀና ሳይል። «ሥራውን ለሚሠራው ተይለት።»

ደንበኞቹ ሳቁ። እሷ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወጣች። 

ሁለት ሳምንት ሙሉ አልመጣችም። አብራት የምታስተምረው ብርቅዬ ስልኳን ልታሠራ መጥታ ሳለ፣ ፀዳለ ወደ አገሯ ለመዛወር ፎርም መውሰዷን ነገረችው። የዚያን ቀን የይቅርታ መልእክት እየጻፈ እያጠፋ ዋለ። አንዱንም አልላከም።

በዚያው ሰሞን ሺሺንዳ አጠገብ የሚኖሩትን እናቱን ሊጠይቅ ሄደ። ወይዘሮ አልጣሽ ማንበብ አይችሉም፤ የሰጣቸውን ስልክ በምልክቱ ለይተው ነበር የሚጠቀሙበት። ባትሪው ሁለት ቀን ይጨምራል ብሎ አዲሱን ሶፍትዌር ጫነላቸውና የመጨረሻው መኪና እንዳያመልጠው ተጣድፎ ተመለሰ።

በማግስቱ ደወለ፤ ይጠራል፣ አይነሳም። በሁለተኛውም ቀን፣ በሦስተኛውም እንዲሁ። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ ደም ግፊት አለባቸው። በአራተኛው ቀን ቀትር ላይ ሱቁን ዘግቶ ወደ መናኸሪያ ሮጠ።

ፀዳለ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መናኸሪያው በር ላይ አገኘችው። ፊቱን አይታ ምን ሆነሃል ብላ ጠየቀችው፤ በተቆራረጠ ቃል ነገራት።  ከእሱ ቀድማ ወደ ሺሺንዳ የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ገባች።

መንገድ ላይ እሱ ደጋግሞ ይደውላል፣ እሷ መስኮቱን ታያለች። ኋላ ስልኩን ከእጁ ቀስ ብላ ወሰደችና እሷ ትደውልለት ጀመር፤ ሲደርሱ መለሰችለት።

እናቱን ጓሮ እንሰት ሲፍቁ አገኟቸው። ኢዮሲያስ እዚያው ሣሩ ላይ ቁጭ አለ። እሳቸው ግን ተቆጥተው ነበር። በአካባቢው ቋንቋ በካፊኖኖ ሲናገሩ እየሰማ ለፀዳለ ተረጎመላት። አረንጓዴዋ ምልክት የለችም፣ ፎቶህም የለም፣ ሲጮህ እጫነዋለሁ ዝም አይልም፤ ፊት ለፊቱ ቁጭ ብዬ ሲያለቅስ ሳየው ነበር የከረምኩት አሉ።

ፀዳለ ስልኩን አየችው። ድሮ በመጫን ይነሳ የነበረው አሁን ምልክቱ በጣት ተጎትቶ ሆኗል የሚነሳው። እንሰቱ አጠገብ ተቀምጣ፣ ምን ማየት እንደሚፈልጉ በኢዮሲያስ በኩል አንድ በአንድ ጠየቀቻቸው። የማይፈልጉትን ሁሉ ከገጹ አነሳች፤ በመጫን እንዲነሳ አደረገችው፤ የልጃቸውን ፎቶ በትልቁ አወጣችላቸው። ወይዘሮ አልጣሽ ጣታቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ፎቶውን ነኩት። ኢዮሲያስ ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ጮኸ። ሦስቱም ሳቁ፤ እሱ ሲስቅ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

«ለካ መልኩም ሥራ ነው» አላት። «በሰው ፊት የተናገርኩሽ እንቅልፍ ነስቶኛል። ይቅር በይኝ።»

«እኔም ሁሉም ነገር ላይ ልክ አልነበርኩም» አለችው ስክሪኑን እያሳየችው። «አዲሱ ሶፍትዌር በተጫነ በአራተኛው ቀን ባትሪው ገና ግማሽ አለው።»

«ፎርሙንስ?»

«ሞላሁት።» ስልኩን ለእናቱ መለሰችላቸው። «አላስገባሁትም።»

ኢዮሲያስ በረጅሙ ተነፈሰ። 

ወይዘሮ አልጣሽ ሁለቱን ተራ በተራ ሲመለከቱ ቆይተው አንድ ነገር ተናገሩ። እሱ ደነገጠ፤ ፊቱን ወደ እንሰቱ አዞረ።

«ምን አሉ?» አለች ፀዳለ።

«ምንም።»

«ኢዮሲያስ፣ ምን አሉ?»

«ልታገባት ነው ወይ ነው የሚሉኝ» አለ በቀስታ።

ፀዳለ ቀሚሷ ላይ የወደቀውን የእንሰት ፍቅፋቂ በዝግታ አራገፈች። ጉንጯ ቀልቷል፤ ግን ዓይኗን ከዓይኑ አላሸሸችም።

«ታዲያ እናትህን ለምን ታስጠብቃቸዋለህ?» አለችው። «መልስላቸው እንጂ።»