ጥጉ ያልታጠፈ ካርድ

ነጥቤ ካርዱን ገለበጠችው። አላወቀችውም። አስቀመጠችውና ሌላ ገለበጠች። እሱንም አላወቀችውም። የሚቀጥለውን ስታይ ጭራሽ ከዚህ በፊት በዓይኗ አይታው የምታውቀው እንኳ አልመሰላትም። ትናንት ግን ይህንኑ ፊደል ከእንቅልፏ ቢቀሰቅሷት የምትጠራው ይመስላት ነበር።

«ቀልድ ነው እንዴ?» አለች ለራሷ።

ቀልድ አልነበረም። ከትናንት ወዲህ የተለወጡት ካርዶቹ ብቻ ናቸው። ጠዋት የሻይ ብርጭቆዋን ደፋችባቸውና አሮጌዎቹ እንዳልነበሩ ሆኑ። ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች ነጭ ወፍራም ወረቀት ቆረጠች፤ በፊቱ ካንጂውን፣ በጀርባው ትርጉሙን ከስልኳ እያየች አንድ በአንድ ጻፈች። ካንጂ ማለት ያ ጃፓኖች የሚጽፉበት፣ መስመር በመስመር ላይ የተደራረበበት፣ አንዱ ብቻውን ቃል ሆኖ ቁጭ የሚለው ጽሕፈት ነው። አዲሶቹ ካርዶች ጽድት ያሉ ነበሩ። ጉዱም የመጣው ከዚያ ነው።

ምክንያቱም አሁን ሲገባት፣ ጥጉ የተቀደደውን ካርድ ስታይ «ዝናብ» ትል ነበር። ቀለም የፈሰሰበትን ስታይ «መንገድ»። መሐሉ የታጠፈውን ስታይ «ባቡር»። ይህን ሁሉ ጊዜ የተማረችው ፊደል ሳይሆን ቅዳጅና እድፍ ነበር።

ነጥቤ የቤት ስሟ ነው። ስትወለድ ከማነሷ የተነሳ አያቷ «ይቺማ ነጥብ ናት እንጂ ሰው አይደለችም!» ብለው ስቀው ነበር፤ ስሙ በዚያው ጸና። የክፍሏ ልጆች ደግሞ «ጃፓን» ይሏታል። ነገሩ የተጀመረው ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ በገዛችው አንድ የጃፓን የሥዕል መጽሐፍ ነው። የመጨረሻው ገጽ ላይ አንዲት ልጅ በባቡር መስኮት አንገቷን አውጥታ የሆነ ነገር ትጮሃለች። ምን እያለች ነው? ስልኳ ሲተረጉመው «ዓሣው ቀጠሮ አለው» አላት። ነጥቤ ተናደደች፤ በራሴ አነበዋለሁ ብላ ተነሳች።

መጀመሪያ ላይ እንደ እብድ አደረጋት። በእረፍት ሰዓት፣ በታክሲ ውስጥ፣ መጸዳጃ ቤት ሳይቀር ካንጂ ነበር። ልጆቹ «ስሜን በጃፓን ጻፊልኝ» እያሉ ይሰለፉላት ነበር። ቆይቶ ወሬው ሞተ። የወንበር ጓደኛዋ በቀደም «አንቺ፣ እስካሁን አልጨረስሽውም? በቃ አይሆንልሽም፣ ተይው» ስትላት ሁሉም ሙድ ያዙባት። እሷም አብራ ሳቀች፤ ውስጧ ግን አልሳቀም። የባቡሯ ልጅ አሁንም አፏን ከፍታ እንደቆመች ናት።

«መምህርት!» የሚል ድምፅ ከሳሎን መጣ። «ሰዓቱ ደርሷል እኮ! ተማሪ አታስጠብቂ!»

አያቷ ናቸው። ነጥቤ ካርዶቿን ሰብስባ ኪሷ ከተተችና ወጣች።

አያቷ፣ የእናቷ አባት፣ ዕድሜ ልካቸውን ታፔላ ጸሐፊ ነበሩ። የሰፈሩን መንገድ ከላይ እስከ ታች ብትሄዱ ፀጉር ቤቱም፣ ጫማ ሰሪውም፣ ጥርስ ሐኪሙም የእሳቸውን እጅ ተሸክመው ነው የቆሙት። አንድ ቀን ጠዋት ግን ጋዜጣ ዘርግተው «ይሄን ደግሞ በምን ቋንቋ ነው ያተሙት?» አሉ። ቀልደኛ ስለሆኑ ሁሉም ሳቀ። ጋዜጣውን ገለበጡት፤ አዘቀዘቁት፤ ከዚያ ቀና ሲሉ ፊታቸውን ያየ ሁሉ ሳቁ ጉሮሮው ላይ ቀረ።

ሐኪሙ ዓይናቸው ደህና ነው አለ። ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ሥር ተዘግቶ የተጎዳው ፊደል የሚለዩበት ቦታ ነው። የሚገርመው እጃቸው ምንም አልሆነም። አንድ ቃል ቢነግሯቸው እንደ ድሮው አሳምረው ይጽፉታል። የጻፉትን መልሰው አንብቡ ሲባሉ ግን አይችሉም።

ከሐኪም ቤት እንደወጡ «ድኛለሁ» ብለው ለዳቦ ቤቱ ታፔላ ለመጻፍ ተቀመጡ። መሐል ላይ ሰው ጠራቸው። ሲመለሱ የት እንዳቆሙ ስለጠፋባቸው እንደገና ጀመሩት። ታፔላው ተሰቀለና «ትኩስ ዳ ትኩስ ዳቦ» ብሎ መንገዱን ሁሉ ጉድ አሰኘ። ሰፈሩ ውስጥ ለብዙ ቀን «ትኩስ ትኩስ» ሲባሉ ከረሙ። ልብስ ሰፊዋ የነጥቤ እናት ይህን መቻል አቃታት፤ ብሩሾቹንና ቀለሙን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፋ ቁልፉን አንገቷ ላይ አሰረችው። ሐኪሙ የመከረውን የቃል ካርድ አዘጋጅታም ማስተማሩን ለነጥቤ ሰጠቻት።

አሁን ደግሞ አዲሷ ፋርማሲስት ታፔላ አዛለች። «ካርዶቹን በሙሉ አንብበው ካሳዩኝ ቁልፉን እሰጥዎታለሁ» ብላቸዋለች እናቷ። ቀኑ ዛሬ ነው። ስፌት ቤቷን ዘግታ ስትመጣ ልትፈትናቸው ነው።

«ዛሬ ታያለሽ» አሉ አያቷ፣ ጠረጴዛው ላይ እጃቸውን እያፋተጉ። ተላጭተዋል። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰዋል።

ነጥቤ የመጀመሪያውን ካርድ አቀበለቻቸው።

«መስኮት» አሉ።

ሁለተኛውን ሰጠቻቸው። «ወንበር።» ሌላ። «ጨው።» ሌላ። «እህት።» ውሃ አድርገው ጠጡት! ነጥቤ ከመቀመጫዋ ብድግ ልትል ምንም አልቀራት። ባለፈው ሳምንት አንዱን ቃል ለመለየት ግንባራቸው ላብ ያወጣ ሰው ነበሩ።

ደስታዋ ግን ብዙ አልቆየም። የአያቷን አውራ ጣት አየችው። ካርዱን በተቀበሉ ቁጥር ጣታቸው ጠርዙን ይዳብሳል፤ የሆነ ቦታ ሲደርስ ይቆማል፤ ከዚያ ቃሉ ይወጣል። ጠርዙ ላይ በጥፍር የተጫረ ትንሽ ምልክት ነበር፤ አንዱ ላይ ከላይ፣ አንዱ ላይ ከጎን፣ አንዱ ላይ ጥጉ ጋ። ሌላ ሰው ቢሆን አያስተውለውም። ነጥቤ ግን ይህን ተንኮል አሁን ገና ከራሷ ላይ ይዛ ነው የመጣችው።

ካርዱን እንደያዘች ቀረች።

«አየሽኝ አይደል?» አሉ አያቷ ዝግ ብለው።

«አየሁዎት፣ አባባ።»

መስኮቱን አዩ። ጠረጴዛውን አዩ። እሷን ግን አላዩም። «ለእናትሽ እንዳትነግሪያት።»

«ታፔላውን ግን እንዴት ይጽፉታል? ቢሳሳቱ በምን ያውቁታል?»

«ሰው ሲስቅ አውቀዋለሁ» አሉ። ቀልድ ይመስል ነበር፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። «ስሚኝ ልጄ። ጠዋት እነሳለሁ፤ እዚህ ወንበር ላይ እጎለታለሁ፤ ይመሻል። ስወጣ ራሴ የጻፍኩትን ታፔላ ቀና ብዬ አየዋለሁ፤ የማላውቀው ሰው እንደጻፈው ነው የሚያየኝ። ብሩሹን ብይዝ እንኳ ቢያንስ እጄ እኔ መሆኔን ያውቃል። ይቺን ብቻ ተይልኝ።»

ነጥቤ ምን ትበል? ብትናገር እሳቸውን ትሰብራለች። ዝም ብትል መንገዱ ሁሉ እንደገና ይስቅባቸዋል፤ ያውም አሁን ዳቦ ሳይሆን መድኃኒት ቤት ነው። ማንም ሰው መጥቶ ይህን ነገር ከእጇ ላይ ቢወስድላት በወደደች። የመጣችው ግን እናቷ ናት።

እናቷ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ካርዶቹን አነሳች። «በሉ አባዬ፣ እስቲ እንያችሁ፣ አስተማሪና ተማሪ!»

አያቷ አነበቡ። አንዱንም አልሳቱም። የእናቷ ፊት በእያንዳንዱ ቃል እየበራ ሄደ፤ መጨረሻው ላይ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «አባዬ! አባዬ በሞትኩት!» ብላ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። ከዚያ ቁልፉን ከአንገቷ ማውለቅ ጀመረች። ክሩ ፀጉሯ ላይ ያዛት።

«አንቺስ ምን ትያለሽ፣ መምህርት?» አለች ክሩን እየፈታች። «ድነዋል አይደል?»

አያቷ ነጥቤን አዩዋት። እንደዚያ ለምነዋት አያውቁም።

«ገና ነው» አለች ነጥቤ። ድምጿ የራሷ አልመሰላትም። «እማዬ፣ ሌላ ነገር ላይ ጻፊላቸው።»

እናቷ ሳቅ እያለች ከኪሷ የልብስ ጠመኔዋን አወጣችና ጠረጴዛው ላይ «በር» ብላ ጻፈች። ከሁሉም የሚቀለው ቃል ነው። አያቷ አጎንብሰው አዩት። አውራ ጣታቸው ጠረጴዛውን ዳበሰ፤ የሚይዘው ነገር አጣ። ቆዩ። እናቷ መጀመሪያ ፈገግ ብላ ጠበቀች፤ ቀጥሎ ፈገግታው ፊቷ ላይ ደረቀ። ከዚያ የሆነው ሲገባት ቃሉን በመዳፏ ፈጥና አበሰችው፤ ብታብሰውም ነጭ ዱካው ቀረ።

አያቷ ተነሱና ክፍላቸው ገብተው በሩን ዘጉት።

«ልክ ነው ያደረግሽው» አለቻት እናቷ፣ ቁልፉን መልሳ እያጠለቀች። ነጥቤ ግን ልክ የሠራ ሰው የሚሰማው ምንም ነገር አልተሰማትም። ከእሷ የባሰ አስመሳይ የለም፤ እሷው ግን አያቷን አሳልፋ ሰጠች። ራት ላይ አያቷ አልወጡም። ጠዋትም ስትሰናበታቸው በሩን አልከፈቱላትም።

ትምህርት ቤት ስትውል «ጃፓን!» ብሎ የጠራት ሁሉ የሰደባት መሰላት። ከክፍል እንደወጣች ካርዶቿን ከኪሷ አውጥታ ከቆሻሻ ማጠራቀሚያው በላይ ያዘቻቸው። እጇን መልቀቅ ብቻ ነበር የቀራት። ለምን እንዳልለቀቀች እሷም አታውቅም። መልሳ ከተተቻቸው።

ቤት ስትደርስ አያቷ ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠዋል። ሰላም ስትላቸው አንገታቸውን ብቻ ነቀነቁ። ጠረጴዛው ላይ የጠመኔው ዱካ አሁንም በስሱ ይታያል። ነጥቤ ወፍራም ወረቀት አመጣች፤ ቆረጠች፤ የአያቷን ቃላት በሙሉ በአዲስ ካርድ ጻፈች። ምንም ያልተጫረበት፣ ጥጉ ያልታጠፈ ካርድ። በእሳቸው በኩል አስቀመጠችው። የራሷን በራሷ በኩል አደረገችና የመጀመሪያውን ገለበጠች።

«አላውቀውም» አለች ጮክ ብላ።

አያቷ አልዞሩም። ሁለተኛውን ገለበጠች። «ይሄንንም አላውቀውም።» ቀጠለች። «ይሄንንም።»

«ምንድነው የማታውቂው?» አሉ አያቷ ወደ መስኮቱ እንዳዩ። «ሰሞኑን ታነበንቢው አልነበር?»

«ካርዱን ነበር የማውቀው። የተቀደደው ዝናብ ነው። ቀለም የፈሰሰበት መንገድ ነው። ሻይ ስደፋባቸው ሁሉም ጠፋ።»

ወንበሩ ሲጥ አለ። አያቷ ዞረው ነበር። «አንቺም?»

«እኔም።»

በአፍንጫቸው ትንሽ ሳቁ፤ ሳቁ ወዲያው ተመልሶ ገባ። ወንበሩን ጎትተው ፊት ለፊቷ ተቀመጡ። «ታዲያ ማንም ሳያስገድድሽ ለምንድነው የምትለፊው?»

«ባቡሩ ላይ ያለችዋ ልጅ የምትለውን ለማወቅ ነበር።» ካርዱን አገላበጠችው። «አሁን ግን እሱንም እንጃ፣ አባባ። ደክሞኛል። የምደርስበት አይመስለኝም።»

«አትደርሺም» ወይም «ትደርሻለሽ» አላሉም። እርሳስ አነሱና ካርዷ ላይ ያለውን ካንጂ ቁራጭ ወረቀት ላይ ገለበጡት። መስመሩ ቀጥ ያለ፣ ጫፉ የተሳለ፣ እሷ ከጻፈችው በብዙ የሚያምር ነበር። «ምን ይላል?»

ነጥቤ ካርዱን ገልብጣ አየች። «ዝናብ።»

«እህ» አሉ፣ ወረቀቱን ከዓይናቸው አራቅ አድርገው። «ነጥብ ነጥብ አለው።»

ነጥቤ ከእሳቸው ክምር የላይኛውን አነሳችና አቀበለቻቸው። አውራ ጣታቸው በራሱ ጊዜ ጠርዙን ተከትሎ ሄደ፤ ዞሮ መጣ፤ ለስላሳ ነበር። ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። ለረጅም ጊዜ በዓይናቸው ብቻ አዩት። ውጭ መኪና አለፈ። ነጥቤ ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ ዋጠችው።

«አላውቀውም» አሉ አያቷ።

ከታመሙ ጀምሮ ይህን ቃል ከአፋቸው ሰምታው አታውቅም።

ካርዳቸውን ወስዳ ካላወቀቻቸው ካርዶቿ አጠገብ አስቀመጠችው። ከዚያ ከራሷ ክምር የሚቀጥለውን ገለበጠች።